የእትዬ እየሩሳሌም ዘጠኝ ደብዳቤዎች

የሰውን ቃል ተቀብሎ ለሌላ ሰው የሚያደርስ፣ ከተቀበለው ላይ ቢቀንስ ሌባ ነው፤ ቢጨምርበትም ሌባ ነው። በበጎ አሳብ ማድረጉ ጥፋቱን አያቀልለትም፤ ያከብድበታል እንጂ። በክፋት የዋሸ ሰው አንድ ቀን ሊጸጸት ይችላል፤ በደግነት የዋሸ ግን መጸጸት እንደሚገባው እንኳ ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። ይህንን የተማርሁት ከመምህር አይደለም። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል የስደተኞች ሰፈር በአንድ ሕንፃ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በገዛ እጄ ከሠራሁት ሥራ የተማርሁት ነው።

አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ በዚያ አፓርታማ የምንኖረው ሦስት ነበርን፤ እናቴ ጽጌ፣ የእናቴ ታናሽ እህት እየሩሳሌም፣ እና እኔ ኤፍራታ። እናቴ በኤርፖርቱ አጠገብ ለአውሮፕላን ምግብ በሚያዘጋጅ ኩሽና ትሠራ ነበር፤ ቀን በቤት የምትገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። እትዬ እየሩስ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ነበር። ባለፈው ክረምት ወደ ደሴ ሄዳ፣ ራጉኤል የሚባል የእንጨት ሥራ አስተማሪ አግብታ፣ አምስት ሳምንት አብራው ኖራ ብቻዋን ተመልሳለች። አሁን ስፖንሰር አድርጋ ልታመጣው ወረቀት ጀምራለች። ከዚህ በቀር የምትሻው ነገር አልነበራትም። ልጅ ለመውለድ የቀራት ዘመን አጭር መሆኑን ሐኪሟ ነግሯት ነበር፤ የነገራትም በእኔ አስተርጓሚነት ነው።

በቤታችን የሚገባው የእንግሊዝኛ ወረቀት ሁሉ በእኔ ይነበብ ነበር። የኪራዩ ማስጠንቀቂያ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የስልክ ውል፤ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የቤቱ አፍ እኔ ነበርሁ። በሕንፃው ውስጥ ያሉ የስደተኛ ልጆች ሁሉ እንዲሁ ነበሩ። ታላላቆቻችን የነገርናቸውን አያጣሩም፤ የሚያጣሩበት መንገድ አልነበራቸውምና።

በዚያ ዓመት ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አንድ ፊልም ተዋስን። እትዬ እየሩስ እንግሊዝኛ ልትለምድበት አስባ ነው፤ መልሰን እየተዋስን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰባት ጊዜ ያህል አየነው። ፊልሙ ሁለት የፍቅር ታሪኮችን እንደ ሹሩባ የጎነጎነ ነበር። አንዱ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የሆነ ነው፤ የጓንት ነጋዴ ልጅ የሆነች ባለ ረጅም ቀሚስ ወይዘሪትና በመርከብ የሚሄድ ሐኪም ይጻጻፋሉ። ሁለተኛው የዛሬ ነው፤ ያንኑ ቤት ሊያድሱ የመጡ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ደብዳቤዎቹን ከወለሉ ሥር ያገኙና እያነበቡ ራሳቸው ይዋደዳሉ።

እኔ ግን አንዱ ዘመን ያለፈ፣ ሌላው ያለ መሆኑ አልገባኝም። ሁለት አገሮች ይመስሉኝ ነበር። በአንደኛው አገር ሰዎች ፋኖስ አብርተው ይጽፋሉ፣ ይጠብቃሉ፤ በሁለተኛው አገር ሊፍት ውስጥ ቆመው ያነብባሉ። የመጀመሪያው ደሴ ነበር፤ ሁለተኛው እኛ ያለንበት። ስለዚህ ባለ ረጅም ቀሚሷ ወይዘሪት በመጨረሻ በር ከፍታ ወደ ዛሬዎቹ ሰዎች ትገባለች ብዬ በየሳምንቱ እጠብቅ ነበር።

እትዬ እየሩስ ካልሲዎችን እያዛመደች ታያለች።

“አሁን ደግሞ ምን አለችው?”

“ጭጋጉ መስኮቴ ላይ ሲያርፍ ስምህን በጣቴ እጽፋለሁ፤ ሲጠፋብኝም እንደገና እጽፋለሁ።”

“ከዚያ ማን ይወለውለዋል?”

“እትዬ!”

“እውነቴን ነው። ይኸው ስንት ደብዳቤ ጻፈችለት፤ በልተሃል ወይ ብላ አንድ ቀን ጠይቃዋለች? ባሕር ላይ ነው እኮ ያለው፣ ብርድ ላይ።”

“ፍቅር ነዋ።”

“እሺ፣ ፍቅር ይሁንላት።” ካልሲውን ጠቅልላ ወረወረችብኝ።

አክስቴ ፍቅር የማይገባት ሴት ናት ብዬ አዘንሁላት። ዛሬ ሳስበው በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ፍቅር ያወቀች እርሷ ብቻ ነበረች።

በፊልሙ መጨረሻ ሐኪሙ በባሕር ላይ ይሞታል፤ የሞቱ ወሬም በደብዳቤ ይደርሳታል። መጀመሪያ ባየነው ዕለት ወይዘሪቷ ደብዳቤውን ይዛ በባሕሩ ዳር ስትቆም፣ እትዬ እየሩስ ካልሲውን አስቀምጣ፣ “ምን ይላል?” አለችኝ። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። “መጣሁ ይላል” አልኋት። እርሷም በረጅሙ ተነፈሰችና፣ “ተመስገን፤ ታዲያ ምን ያስለቅሳታል?” አለች። “ከደስታ ነው” አልሁ። ግንባሬን ሳመችኝ። ሐሰት ተናግሬ ስሳም ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

በመስከረም ወር ለአፕሊኬሽኑ የጋብቻቸውን እውነተኛነት የሚያሳይ ማስረጃ ተጠየቀ። ከሰርጉ ፎቶግራፎች ሌላ የነበራቸው ዘጠኝ ደብዳቤ ነው፤ አራቱ የእርሱ፣ አምስቱ የእርሷ። የእርሷን ራጉኤል አንድም ሳይጥል አስቀምጦ ኖሮ በፖስታ መልሶ ላከላት። ደብዳቤዎቹ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው፣ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ አዋቂ ሰው ፈርሞባቸው መግባት ነበረባቸው።

እንዲህ ያለ ሰው እናውቅ ነበር። ጋሼ ወልደገብርኤል በደርግ ጊዜ የመጡ ስደተኛ ናቸው፤ በአገር ቤት አስተማሪ ነበሩ፣ እዚህ በብሉር መንገድ አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ይሠራሉ። እናቴ፣ “ለምን እሳቸው አይተረጉሙልሽም?” ብትላት፣ እትዬ እየሩስ ፊቷ ቀላ።

“የባልና ሚስት ደብዳቤ ጋሼ ወልደገብርኤል ፊት ይዘረጋል እንዴ? ኤፊ ትጻፈው። እሳቸው ይፈርማሉ።”

ፊደል በቤተ ክርስቲያን የቅዳሜ ትምህርት ተምሬ ነበርና ማንበብ እችላለሁ። እትዬ እየሩስ ሺፍቷ ላይ ሳለች ደብዳቤዎቹን በምግብ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኋቸው። የራጉኤል የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

“ለእየሩስ። እኔና ቤተሰቡ ደህና ነን። ጥርስሽ እንዴት ሆነ? በግራ በኩል አታኝኪ። እዚያ በረዶ ጣለ ሲባል በራዲዮ ሰማሁ፤ ጓንት አለሽ ወይ? የጎን ክፍሏን ቀለም ቀባኋት። መስኮቷንም ወደ ምሥራቅ አዞርኳት። ራጉኤል።”

የእርሷ መልስ ደግሞ ይህ ነው፦ “ጫማ በሰው ልኬልሃለሁ። ግራ እግርህ ሰፋ ስለሚል አንድ ቁጥር ጨምሬበታለሁ። ጉሮሮህን ሳትሸፍን ወርክሾፕ አትግባ፤ ብናኙ ያስልሃል።”

ዘጠኙንም አነበብሁ። በአንዱም “እወድሻለሁ” የሚል የለም። ጥርስ፣ ጫማ፣ ቀለም፣ ሳል። ደነገጥሁ። ይህንን የሚያነብ ሹም፣ እነዚህ ሰዎች አይዋደዱም ብሎ ራጉኤልን እንደሚያስቀረው አልተጠራጠርሁም፤ ፍቅር ምን እንደሚመስል ሰባት ጊዜ አይቻለሁና።

ስለዚህ ፊልሙን ከፈትሁ። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከሥር እንዲያወጣ አድርጌ፣ ወይዘሪቷ ስትጽፍ እያቆምሁ፣ ቃል በቃል ገለበጥሁ። ቀኑንና ስሞቹን ከእውነተኞቹ ወሰድሁ፤ ሌላው ሁሉ የፊልሙ ነው። ጓንቱን በተመለከተ ራጉኤል “ጓንት አለሽ ወይ” ያለበትን ትቼ፣ ሐኪሙ “በጓንትሽ ውስጥ የቀረው የእጅሽ ሙቀት በዚህ ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ብቸኛ እሳቴ ነው” የሚለውን አገባሁ። በጣም ኮራሁ። ሥራው ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

እውነተኞቹ ደብዳቤዎች ዛሬ በእኔ ዘንድ ናቸው፤ እትዬ እየሩስ የተወቻቸውን እናቴ ከሻንጣዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ከሌሎቹ ደብዳቤዎች ጋር ሳገናኘው፣ ያ መስኮት ቀድሞ ወደ ሰሜን ነበር። ሚስቱ በአምስቱ ሳምንት ውስጥ በየማለዳው ወንበር ይዛ ፀሐይ ወደምትወጣበት ደጅ ስትወጣ ያየ ሰው፣ የድንጋይ ግድግዳ በመዶሻ ሰብሮ መስኮቱን አዞረላት፤ ይህንንም በአንድ መስመር ጽፎ አለፈ። እኔ የቤት እድሳት ወሬ መስሎኝ ዘለልሁት።

ጋሼ ወልደገብርኤል እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤት መጡ። እትዬ እየሩስ ወረቀቶቹን በሁለት እጇ አቀረበች።

“ጋሼ፣ ይህችን ይፈርሙልን። ኤፊ ናት የተረጎመችው።”

“ይህቺ ሚጣ?” ብዕራቸውን አወጡ። የመጀመሪያውን ወረቀት ገልጠው “ለእየሩስ” የሚለውን እንዳዩ ወዲያው መልሰው ከደኑት። “የባልና ሚስት ነገር ነው፤ እኔ አላነብም፤ ነውር ነው። አስተካክለሻል አይደል?”

“አዎ፣ ጋሼ።”

ዘጠኝ ጊዜ ፈረሙ።

በኅዳር ወር ራጉኤል የቪዛው ቢሮ ወዳለበት ናይሮቢ ድረስ ለኢንተርቪው ተጠራ። በማግስቱ እትዬ እየሩስ በጥሪ ካርድ ደወለች፤ እጇ ሊጥ ስለነበር ስልኩን በድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እኔ ወተት እየጠጣሁ ነበር።

“እንዴት ሆነ?”

“የጠየቁኝን መለስኩ። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ሚስትህ የጻፈችልህ ነው ብለው የሆነ ነገር አነበቡልኝ። ስለ ጭጋግ፣ ስለ መስኮት፣ ምን የማይሉት አለ። ይህን ሚስቴ አልጻፈችም አልኳቸው።”

“አልጻፈችም አልክ?”

“አልጻፍሽማ።”

“አምስት ደብዳቤ ጽፌልህ አልጻፈችልኝም አልክ?”

“የጻፍሽልኝንማ በቃሌ ልወጣልሽ እችላለሁ እየሩስ። ያነበቡልኝ ሌላ ነው። ምን ላድርግ፣ ልዋሽ?”

“ደንግጠህ ነው። ደንግጠህ አበላሸኸው።”

“አልደነገጥኩም።”

ካርዱ አለቀና ተቋረጠ። የቅዳሜው ፊልም ጭጋግ ትዝ አላላትም። እትዬ እየሩስ ሊጡን ከጣቶቿ እየላጠች፣ “የራሴን ደብዳቤ አላውቀውም አለ” አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም። እኔም በራጉኤል ላይ ፈረድሁበት። ምን ነበረበት አዎ ቢል? ያንን ሁሉ የደከምሁለትን! ሞኝ መሰለኝ። ከሁላችን ውስጥ እውነቱን የተናገረ እርሱ ብቻ እንደ ነበረ ለመረዳት ብዙ ዓመት ወስዶብኛል።

በጥር ወር ደብዳቤ መጣ። እትዬ እየሩስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሰጠችኝና አጠገቤ ቆመች። ጫማዋ ላይ ያለው በረዶ ምንጣፉ ላይ ሲቀልጥ አያለሁ። ደብዳቤው ትርጉሞቹ ከአማርኛዎቹ ጋር ፈጽሞ እንደማይገናኙ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሠራተኛ እንዳመሳከራቸው፣ ይህም ሐሰተኛ ማስረጃ እንደ ማቅረብ ሊቆጠር እንደሚችል፣ አመልካቿ በሠላሳ ቀን ውስጥ ምክንያቷን እንድታስረዳ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

“ምን ይላል?”

“ወረቀታችሁ ደርሶናል፤ እያየነው ነው፤ ጠብቁ።”

“ይህን ሁሉ መስመር?”

“እንግሊዝኛ ያበዛሉ።”

ሳቀች። እውነት ነው፣ ሳቀች።

ሠላሳውን ቀን በኩሽናችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ቆጠርሁ። በልጅ አእምሮዬ ሠላሳው ቀን ለእኔ የተሰጠ ፈተና ይመስለኝ ነበር፤ ካለፈ በኋላ ሁሉ ተረስቶ ራጉኤል የሚመጣ። በአሥረኛው ቀን ለእናቴ ልነግራት ተነሥቼ፣ ተኝታ አገኘኋትና ተመለስሁ። በሃያኛው ቀን እትዬ እየሩስ ለራጉኤል የክረምት ካፖርት ገዝታ ገባች፤ እንዴት እንደሚያምር ለማየት እኔን ወንበር ላይ አቁማ አለበሰችኝ። በሃያ ዘጠነኛው ቀን አስመለሰኝ፣ ትኩሳት ያዘኝ፤ ሥራዋን ትታ አጠገቤ ዋለች፤ ብርቱካን እየላጠች አጎረሰችኝ። አፌ እስኪሞላ ጎረስሁ። አልተናገርሁም። በሠላሳ አንደኛው ቀን ዳንሁ።

ሁለተኛው ደብዳቤ በመጋቢት መጣ። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ፤ ራጉኤልም በሐሰተኛ ማስረጃ ምክንያት ለሁለት ዓመት እንዳያመለክት ተከለከለ። በዚህ ጊዜ ግማሹን እውነት ተናገርሁ፤ ከሁሉ የከፋው ውሸት እርሱ ነው።

“አልተፈቀደም ይላል። ደብዳቤዎቹን አላውቃቸውም ስላለ ነው።”

እትዬ እየሩስ በዝግታ ተቀመጠች። “እንዲህ ብለው ነው የጻፉት?”

“አዎ።”

እናቴ፣ “ይግባኝ በይ፤ ለጋሼ ወልደገብርኤል አሳዪያቸው” አለቻት።

“ምን ብዬ? ባሌ ካደኝ ብዬ? አላዋርድም ራሴን።”

ከዚያ ወዲህ የስልኩን ንግግር ከመኝታ ክፍል በግድግዳ በኩል እሰማ ነበር። “መምጣት ካልፈለግህ በግልጽ አትነግረኝም ነበር?” ትላለች። እርሱ ምን እንደሚመልስ አይሰማኝም። አንድ ቀን፣ “በእግዚአብሔር አትማልብኝ” ስትል ሰማሁ። ከዚያ ጥሪው በሳምንት ሁለቴ የነበረው አንድ ጊዜ ሆነ፤ ከዚያ በወር፤ ከዚያ ቀረ። በመስከረም የፍቺ ወረቀት ከደሴ መጣ። በአማርኛ ነበርና እኔ አላስፈለግሁም፤ ራሷ አንብባ ፈረመች። ካፖርቱን ወደ መደብሩ መመለሻው ጊዜ ስላለፈ፣ ለሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ሰጠችው።

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ፣ ጋሼ ወልደገብርኤል ምሳ ተጋብዘው መጡ። እትዬ እየሩስ ቁም ሣጥኗን እያጸዳች ነበርና የወረቀቱን ክምር አምጥታ፣ “ጋሼ፣ እንዲያው ይህ ይጣል ወይስ ለሌላ ጊዜ ይፈለጋል?” አለቻቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። የጥር ወሩን ደብዳቤ አነበቡ፤ አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡ።

“እየሩሳሌም፣ ይህ ሲመጣ ማን አነበበልሽ?”

“ኤፊ ናታ።”

“ምን ይላል አለችሽ?”

“ደርሶናል፣ ጠብቁ።”

ወደ እኔ ዞሩ። “ነይ። በአማርኛ አንብቢው። አንድም ቃል እንዳታልፊ።”

አነበብሁ። ድምፄ እንደ ትምህርት ቤት ንባብ ጥርት ያለ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች በኩሽናው በር ቆማለች። ጋሼ ወልደገብርኤል ደግሞ የፈረሙባቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ እያነሡ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡ። ሲጨርሱ፣ “አፍሬ ነው ያላነበብሁት። ማፈር የነበረብኝ ባለማንበቤ ነው” አሉ።

እትዬ እየሩስ አልጮኸችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ሠላሳ ቀን ነበረን?”

“አዎ።”

“ሠላሳውን ቀን ከእኔ ጋር ስትበዪ ነበር?”



ተነሥታ ስልኩን አነሣችና የደሴውን ቁጥር መታች። ያነሡት የራጉኤል እናት ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ማግባቱን፣ ሚስቱም መፀነሷን ነገሯት፤ ክፉ ሴት አልነበሩምና እያባበሉ ነው የነገሯት። እትዬ እየሩስ፣ “እማማ፣ ለራጉኤል አንድ ነገር ይንገሩልኝ” ብላ ጀመረች። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ወደ ተዘረጉት ወረቀቶች ተመለከተች። “አይ፣ ምንም አይበሉት። ቤቱን አልበጠብጥም። ደህና ናት ይበሉልኝ።” ስልኩን በቦታው አስቀመጠችና ሳህኖቹን አነሣሥታ አጠበች።

የሆነው ቅጣት ይህ ነው። ጋሼ ወልደገብርኤል እስኪሞቱ ድረስ ለማንም ሰው ወረቀት አልፈረሙም። እትዬ እየሩስ በዚያው ወር ሬክስዴል በሚባል ሌላ ሰፈር ክፍል ተከራይታ ወጣች፤ ሌላ ባል አላገባችም፤ አልወለደችም፤ አሁን ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። እኔ ይቅርታ ስጠይቃት ሃያ ዓመት ሆኖኛል፤ በቃልም፣ በጽሑፍም፣ በሽማግሌም ጠይቄአለሁ። በበዓል ቀን በእናቴ ቤት እንገናኛለን። ፊት ለፊቷ ቆሜ “እንደምን ነሽ፣ እትዬ?” እላታለሁ። እርሷም ወደ እናቴ ዞር ትልና፣ “ደህና ነኝ በያት” ትላለች። እናቴም፣ “ደህና ነኝ ትልሻለች” ትለኛለች።